ከኋላዬ ቁሙልኝ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3
ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለናዒማ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ ልጅሽን ኡበይድን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ የአባትሽንም ቀብር ሰፊ ያድርግለት። እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ጤና ነኝ ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ፈትያ ናት፤ ያቺ በባቡር እየተመላለሰች ልብስ የምትነግደው። ያልደወልኩልሽ ምክንያት ስላለኝ ነው። ስልክ የሚባል ነገር በዚህ ሰሞን ምን እንደሠራኝ ልንገርሽ።

ሱቄን ታውቂዋለሽ። ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙና እሸጣለሁ። ከሱቁ በስተጀርባ ያለችውን ክፍል ግን ያየሻት አይመስለኝም። እዚህ በሰው ቤት የሚሠሩት የሀገራችን ልጆች ውለው የሚያድሩት እዚያው አሠሪያቸው ቤት ነው። የራሳቸው የሚቆለፍ ሳጥን እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ሻንጣቸውን እኔ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣሉ። እስላሟም ክርስቲያኗም ታስቀምጣለች። ለዚህ ከማንም ምንም ተቀብዬ አላውቅም። ሕጌ አንድ ነው፦ ዕቃውን ላስቀመጠችው ለራሷ እንጂ ለእህቷም ለእናቷም አልሰጥም። በዚህ ሕግ አርጅቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስርጉት የምትባል ልጅ መጣች። በአንድ የፈረንጅ ቤት ትሠራለች። «ኤሌኒ ሻንጣዬን ተቀበይልኝ ብላ ደውላልኛለች» አለችኝ። ኤሌኒ ሻንጣዋን አስቀምጣ በጀልባ ወደ የመን ከተሻገረች ቆይታለች፤ ወሬዋም ጠፍቷል። አልሰጥም አልኳት። ስልኳን ዘርግታ «ይኸው፣ ራሷን ያናግሯት» አለች። የስልክ ድምፅ ምስክር አይሆንም አልኳት። ለመነችኝ። አለቀሰች። ከደጄ አልነሣም አለች። ሰው ተሰበሰበ። በንዴት አንድ ቃል ከአፌ ወጣ። ከዚያ ሄደች።

ለካ በዚያ መሀል አንድ መንገደኛ ቀርጾን ኖሯል። መቅረጹ ሳያንሰው «የቤት ሠራተኞችን ንብረት የሚበላው ሽማግሌ» ብሎ ለዓለም በተነው። ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ አቡዘር አሳየኝ። ባያሳየኝ ይሻል ነበር። ፊደል የለየሁት በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ያነበብኩትን ሁሉ ለቁም ነገር ሳነብ ኖሬ፣ በስተርጅና ዓይኔን የምጨርሰው ስድቤን በማንበብ ሆነ። የማላውቀው ሰው ሞትህን ያሳየን ይለኛል። አንዱ ስለ ሟቿ ባለቤቴ ጻፈ። ለምን ያነቡታል አትበይኝ። የሚሰድበኝን ሰው ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም፤ እስኪጨርስ ቆሜ እሰማዋለሁ። እነዚህ ግን አይጨርሱም።

እህል አይወርድልኝም። ማራገቢያው ሲዞር እንኳ ስሜን የሚጠራ ይመስለኛል። መስጊድ ስሄድ ሰው ፊቴን እንዳያይ መጨረሻው ሰልፍ ላይ እቆማለሁ። ሻንጣ የሚያስቀምጡት ልጆች መምጣት አቆሙ። አንዳንዶቹም መጥተው ዓይኔን ሳያዩ ዕቃቸውን ወሰዱ። ናዒማ፣ እኔ ሌላ ሀብት የለኝም። ያለኝ ታማኝ ነው መባሌ ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ገበያ መሀል ሲሰደብ ዘመዶቹ መጥተው ከኋላው ይቆማሉ። አይሳደቡም፣ አይማቱም፤ ይቆማሉ። ተሳዳቢውም ሰውዬው ብቻውን እንዳልሆነ አይቶ መንገዱን ይሄዳል። ለእድራችን፣ ለአፎቻችን ሰዎች ንገሪልኝ፤ ቀብርም ሰርግም አብረን ያሳለፍን ነን። በዚያ በስልኩ መንደር ይምጡና ከኋላዬ ይቁሙልኝ።

አጎትሽ
ሙሐዲን


ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ
ግንቦት 17 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ ለሐጂ ሙሐዲን፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አፍ ይሰውርልኝ።

ቪዲዮውን ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በፊት አይቼው ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። «አጎቴ እንዴት ነዎት» ብሎ መደወል አቃተኝ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ያዘዙኝን አድርጌያለሁ። ዓርብ አፎቻው ሲሰበሰብ ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩላቸው። ሁሉም ተናደደ። ሱሪያ ምን አለች መሰለዎት? «እኔ ሐጂ ሱቅ አንዲት ቴምር ብቀምስ ከሚዛኑ ላይ የቀነሱብኝ ሴት ነኝ። እሳቸው ናቸው የሰው ሻንጣ የሚበሉት?» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። ኡበይድም ባጃጁን አቁሞ መጥቶ ከኋላ ይሰማ ነበር። «አቦ እማ፣ ለእኔ ተይልኝ። እኔ እቆምላቸዋለሁ» አለ።

አሁን ደግሞ እንደ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ልናገር። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው ልጆች እኛ ጋ ይመጣሉ፤ እንቅልፍ አጥተው፣ ልባቸው ያለ ሩጫ እየመታ። ገላችን ስድብንና ድንጋይን አይለይም፤ ሁለቱም ሲወረወሩበት ይሸማቀቃል። ደግሞ ሰው የአንድ መንደር ሰው የሚሰማበት ጆሮ ነው የተሰጠው፤ የአገር ሙሉ ሰው የሚጮህበት ጆሮ አልተሰጠውም። ስለዚህ ስልኩን ይዝጉት። ወይም ለሚያምኑት ሰው ይስጡት። ብቻዎን አይብሉ። ፀሐይ ስትበርድ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣ ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢቆጡኝም። ልጅቷን «ሌባ» ያሏትን ባይሏት ጥሩ ነበር። ቪዲዮው ላይ ከሁሉ ጎልታ የምትሰማው ያቺ ቃል ናት።

ልጅዎ
ናዒማ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3
ግንቦት 28 ቀን 2016

ለናዒማ፣

የአላህ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ላይ ይሁን። ለአፎቻችን ሰዎች በሙሉ፣ በስም እየጠራሽ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዕድሜ ለእናንተ፣ እህል መቅመስ ጀምሬያለሁ።

ሰዎቻችን መጡ። በዚያ ሁሉ ስድብ መሀል የሀገሬን ሰው አነጋገር ሳገኝ፣ በረሃ ላይ ጥላ ያገኘሁ ያህል ነው። በተለይ «የድሬ ነብር» በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ልጅ አለ። እሱ አንደበተ ርቱዕ ነው። አንዱ ሲሰድበኝ እሱ አሥር እጥፍ አድርጎ ይመልስለታል። ልጅቷንም አላሳለፋትም። ከአስር ሰላት በኋላ መነጽሬን አድርጌ የእሱን እየፈለግኩ ነው የማነበው። የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ በስሙ ዱዓ ላደርግለት እፈልጋለሁ።

ትናንት ቡላኦስ ለመሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ አየኝና «ዋራያ፣ እናንተ፣ ሻንጣችሁን ያዙ፣ ሽማግሌው ገቡ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዲት ሴትም የምሯን ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች። ቀድሞ ቢሆን ወርጄ በዚያ ሙቀት በእግሬ እመለስ ነበር። አሁን ግን ነብሩን አስታወስኩና ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ምክርሽን አንብቤያለሁ። ስልኩን ዝጉት አልሽኝ፤ በሩን የሚዘጋ ጥፋተኛ ነው። ባሕር ዳር ሂዱ አልሽኝ፤ በዚህ ወር ባሕር ዳር የሚቆም ሰው መርከብ የሚጠብቅ ብቻ ነው። ከሰው ጋር ብሉ ያልሽው ደህና ነው። አቡዘርን ምሳ ጠራሁት። ብዙ ይበላል።

ስለ ቃሏ ደግሞ። ሌባ ያልኳት የሌላ ሰው ዕቃ ልትወስድ ስለመጣች ነው። የሌላን ሰው ዕቃ የሚወስድ ምን ይባላል? ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም። ይህን ነገር ደግመሽ አታንሺብኝ።

አጎትሽ
ሙሐዲን


ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ
ሰኔ 24 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። አረፋን በደህና እንዳሳለፉ ተስፋ አለኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። በዓሉም ነበር፤ በጤና ጣቢያውም ሰው በዝቶብን ነበር። ፈትያም መጀመሪያ ስትሄድ አላገኘኋትም።

ይህን ካነበቡ በኋላ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ፈትያን አግኝቻት ነበር። ወረቀቱንም ጀምሬ ቀደድኩት።

ስለ «የድሬ ነብር» የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ለጊዜው ዱዓ አያድርጉለት።

የልጅቷን ነገር ግን ሰምተዋል? ስርጉትን ማለቴ ነው። በአካባቢዎ የሚያውቃት ሰው ካለ እባክዎ ያጠያይቁ።

ናዒማ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3
ሐምሌ 3 ቀን 2016

ለናዒማ፣

አላህ ለሁላችንም ምሕረቱን ያውርድ። በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አላበዛም፤ አፌ ለሰላምታ የሚመች አይደለም።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነጅማ የምትባል ሴት ወደ ሱቄ መጣች። ከየመን የተመለሰች ናት፤ ፀሐይ አክስላታለች። «ሐጂ ሙሐዲን እርስዎ ነዎት?» ብላ ከቀሚሷ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ትንሽ ቁልፍ አወጣች። «ኤሌኒ ናት የላከችው። ስርጉትን እንቢ አሏት አሉ፤ እኔንም በቃሌ አያምኑኝም፣ ቁልፉን ግን ያምኑታል ብላ ነው» አለችኝ። ኤሌኒ በሕይወት አለች። እዚያው በሰው ቤት ትሠራለች። ሻንጣው ውስጥ ለእናቷ የገዛችው ልብስና መድኃኒት አለ፤ ስርጉት ወደ ሀገር ቤት በሚሄድ ሰው ለእናቲቱ ልትልክላት ነበር።

ወደ ጓዳ ገብቼ ቁልፉን ሞከርኩት። ከፈተ። የአሮጊት ቀሚስ አየሁና መልሼ ቆለፍኩት።

«ስርጉት የት ናት?» አልኳት።

«ከማዳሟ ቤት ወጥታለች። ሌባ ቤቴ አላኖርም አለቻት።»

«ማን ነገራት?»

ነጅማ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። «አልሰሙም? መልኳንና የምትሠራበትን ሰፈር አውጥተውባት እኮ ነው። አንድ ነብር ነኝ ባይ።»

ከሄደች በኋላ ስልኩን ከፈትኩ። ያ የወደድኩት ልጅ «ሌባዋን እወቋት» ብሎ ፎቶዋን ለጥፏል። በፊትም አይቼው ነበር፤ አይቼው አልፌዋለሁ። ከዚያ ለእኔ የቆሙትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኳቸው። ስርጉት ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው የለም። ሌባዋ ነው የሚሏት። ሌባዋ አለቀሰች፤ ሌባዋ እናት የላትም ወይ፤ ሌባዋን ያገኛት ሰው እንዲህ ያድርጋት።

እኔን ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ ስም ሆኖ የቀረብኝ ግን የለም። እሷ ላይ ስም ሆኖ የተጣበቀው ቃል ከእኔ አፍ የወጣው ነው። እህል የወረደልኝ ያንን እያነበብኩ ነው።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። የአፎቻውን ሰዎች አስቁሚልኝ። የጻፉትን ያጥፉ። ያንን ነብር ነኝ ባይ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነ በግልጽ ጻፊልኝ፤ ለአባቱ ሽማግሌ እልካለሁ።

ስልኬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፈትያ እጅ ልኬልሻለሁ። በአደራ ያዢልኝ። በሕጌ መሠረት፣ እኔ ራሴ በአካል ካልመጣሁ ለማንም እንዳትሰጪ። በደብዳቤ ብለምንሽም አትላኪልኝ።

ሙሐዲን


ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ
ሐምሌ 10 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ ለሐጂ ሙሐዲን፣

አላህ ልብዎን ያስፋልኝ። ስልክዎን ተቀብያለሁ፤ በሳጥኔ ውስጥ ተቆልፏል።

የነብሩ አባት ሞቷል፤ ሽማግሌ የሚላክለት ሰው የለም። እናቱ እኔ ነኝ። «የድሬ ነብር» ኡበይድ ነው።

ከአረፋ በፊት ነው ያወቅኩት። በደብዳቤዎ ሲያመሰግኑት አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼ ልጅ ማን ይሆን ብዬ ስፈልግ የራሴን ልጅ አገኘሁት። ዱዓ ሊያደርጉለት የፈለጉት ልጅ የጻፈውን እዚህ ልደግመው አልችልም። ልጅ ያሳደገ አፍ አይደግመውም።

«ማን እንዲህ ጻፍ አለህ?» አልኩት።

«አጎቴ ከኋላዬ ቁሙልኝ አሉ። አንቺ ነሽ ያነበብሽልን።»

«ቁሙ አሉ እንጂ ምቱ አላሉም።»

«አቦ እማ፣ እዚያ እኮ ዝም ብሎ የቆመን ሰው ማንም አያየውም።»

 እውነቱን ነው። እኛ በአደባባይ የምናውቀውን ወግ አደባባይ ወደሌለበት ቦታ ሰደድነው።

ሥራዋን እንዳጣች ስነግረው መጀመሪያ «ይበላት» አለ። ሻንጣው ውስጥ የኤሌኒ እናት መድኃኒት እንደነበረ ደብዳቤዎን ሳነብለት ግን ፊቱ ተለወጠ። ሁሉንም አጠፋ። ግን ሌሎች ቀድተውታል፤ አሁንም ይዞራል፤ ከእኛ እጅ ወጥቷል። እሱም ባጃጁን ደጅ አቁሞ ውስጡ ይቀመጣል፤ ሰው ሲጭን አይታይም። ሱሪያ «ነብሩ ታመመ እንዴ?» ብላ ቀለደችበት፤ ቀና ብሎም አላያት።

እኔ ስድብ ያሳመማቸውን ልጆች የማክም ሴት ነኝ። ስድቡ ከቤቴ ሲወጣ አላየሁም። ካየሁም በኋላ ከእርስዎ ደበቅኩ፤ እርስዎ ሲያዝኑ ማየት ስላልፈለግኩ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ልጄን ፈርቼ ነው። ርግማንዎን ፈርቼ። ቢረግሙት መብትዎ ነው፤ አይርገሙት ብዬ ለመለመን ፊት የለኝም። ግን እጽፈዋለሁ፦ አይርገሙት።

ናዒማ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3
ሐምሌ 25 ቀን 2016

ለልጄ ለናዒማ፣

አላህ ያጽናሽ። ልጅሽን አልረግመውም። ብረግመው ርግማኑ በመንገዱ መጀመሪያ እኔን ያገኘኛል፤ ወደዚያ የላክሁት እኔ ነኝ። ነብሩ ማን እንደሆነ ሳውቅ ደስ ብሎኝ እንደነበረ ደግሞ ልደብቅሽ አልችልም። የእኛ ልጅ ነው ብዬ። ለአንድ አፍታ ነው። ወዲያው ደግሞ ወረቀትሽን አጥፌ ተቀመጥኩ፤ ሱቅም አልከፈትኩ።

በማግሥቱ አጠያይቄ ሻንጣውን ይዤ ባልባላ ሰፈር ሄድኩ። ስርጉት ሥራ ከፈቱ ልጆች ጋር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተዳብላለች። በሩ ላይ እንቁ የምትባል ረጅም ልጅ ልብስ ታሰጣ ነበር። አየችኝና ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «ሐጂ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጠፍቶብዎት መጡ?» አለችኝ። የሚገባኝን ነው ያለችኝ። ለውሃ ያህል እንኳ ግቡ አላለችኝም። ስርጉት ናት ከውስጥ «አስገቢያቸው» ያለቻት።

ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ተቀምጣለች፤ በዚያ ሙቀት። ሻንጣውን አጠገቧ አስቀምጬ ቁልፉ እንደደረሰኝ፣ እውነቷን እንደነበረ ነገርኳት።  እንዴት ነሽ አልኳት። ውሃ ለመቅዳት የምትወጣው ሰው ሲተኛ እንደሆነ ነገረችኝ። ሰው ሲስቅ በእሷ የሚስቅ ይመስላታል። እህል አይወርድላትም። ስልኳን ትጥለውና መልሳ ታነሣዋለች፤ ደግሞ ታነበዋለች። ናዒማ፣ የራሴን በሽታ ነበር የምትነግረኝ። እኔ ግን ከኋላዬ የሚቆም ሰው ልኬ አስመጣሁ፤ የእሷን በሽታ የጨመሩት እነሱ ናቸው።

ይቅር በይኝ አልኳት።

«ሻንጣውን ይዘውልኝ መጡ፤ ደህና። ሌባ ያሉኝን ማን ይዞልኝ ይምጣ?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ?»

«ያሉኝ ከሱቅዎ ደጅ ነው። እዚያው ደጅ ላይ ሌባ አይደለችም ይበሉ። ሰው እያየ። ስልክም ይቅረጽዎ።»

ዳግመኛ በዚያ ዕቃ ፊት አልቆምም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። መሐላዬ ለራሴ ስለነበረ በራሴ ላይ አፈረስኩት። ከጁምዓ ሰላት ሰው ሲወጣ ደጄ ላይ ቆምኩ፤ አቡዘር ስልኩን ደቀነብኝ። «ሐጂ፣ ትንሽ ግንባርዎን ቢፈቱት» አለኝ። አልፈታም አልኩት። እንዲህ አልኩ፦ «ሙሐዲን ነኝ። ስርጉትን እዚህ ቦታ ላይ ሌባ ብያታለሁ። ስርጉት ሌባ አይደለችም። የመጣችው ተልካ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሷን የሰደበ ዘመዴ ሁሉ በእኔ ምክንያት ነው የሰደበው።» ሌላ አልጨመርኩም። አንዱ አጨበጨበ። ማጨብጨቡ ከስድቡ ይልቅ አሳፈረኝ።

አቡዘር ለኡበይድ ልኮለታል። በዚያው በነብሩ ስም ያውጣው። የራሱንም ይቅርታ ይጨምርበት፤ አጭር ይሁን።

አጎትሽ
ሙሐዲን


ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ
ነሐሴ 11 ቀን 2016

ለውድ አጎቴ፣

አላህ ያደረጉትን በመልካም መዝገብ ይጻፍልዎት። ኡበይድ ያሉትን አድርጓል። የራሱን ደጋግሞ ቀረጸው፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር።

ግን ልዋሽዎት አልችልም። የመጀመሪያውን ያየው ሰው እንደ አሸዋ ነበር። ይሄንን ያዩት የአፎቻችን ሰዎችና ጥቂት መንገደኞች ናቸው። ከእነሱም አንዱ «ሽማግሌውን ማን ገዛው» ብሎ ጻፈ። ኡበይድ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ጠዋት «እማ፣ ይቅርታ እኮ አይሄድም። የሚሄደው ስድብ ነው» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ስልኩን እንደ እርስዎ ለእኔ ሰጥቶኝ ሥራ ገባ። አሁን ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ተኝቷል።

እርስዎስ ለጥቂት ጊዜ ወደዚህ መጥተው ቢያርፉ? ቤቱ ሰፊ ነው። ኡበይድ ከጣቢያ ይቀበልዎታል፤ ፊትዎን ለማየት ግን ፈርቷል።

ልጅዎ
ናዒማ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3
መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናዒማ፣

አላህ አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግላችሁ። መውሊድን እዚሁ አሳለፍኩ። ስላልመጣሁ አትቀየሚኝ፤ የምሠራው ሥራ ነበረኝ። ምን እንደሆነ ልንገርሽና ፍረጂ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ፣ ስልኩ ካልወሰደው እኔ በአፌ አደርሰዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ወደ ሱቄ የገባ ሰው ሁሉ፣ ሩዝም ይግዛ ክብሪት፣ ዕቃውን ከመስጠቴ በፊት «ስርጉት ሌባ አይደለችም» እለው ጀመር። ለሶማሌው በሶማልኛ፣ ለዓረቡ በዓረብኛ። ከመስጊድ ስወጣም እናገር ነበር። አንዳንዱ አላህ ይስጥዎ ይላል። አንዳንዱ ይስቃል። አቡዘር «ሐጂ፣ ሰው ዘይት ለመግዛት እየፈራ ነው» አለኝ። አልሰማሁትም። ለቃሌ ዕዳ የምከፍለው በቃሌ ነው አልኩ። መናገር ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍም ይወስደኝ ነበር፤ ይህንንም እወቂልኝ።

ባለፈው ሳምንት እንቁ መጣች፤ ያቺ አፏ የማይመለሰው። የዚያን ቀን ግን አልተቀኘችብኝም። ባንኮኒው ላይ እጇን አስደግፋ ቆመች።

«ሐጂ፣ ስርጉት ይብቃዎት ብላለች።»

«ምኑ?»

«ስሟን ማንሣቱ። ጋቦዴ ሰፈር አንዲት የዓረብ ቤት ሥራ አግኝታ ነበር። ማዳሟ ስለ ቪዲዮው ሰምታ አታውቅም፤ ስልክም አታይም። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሳ ‹ካርቲየ 3 ያሉት ሐጂ ሌባ አይደለችም የሚሏት ስርጉት አንቺ ነሽ እንዴ?› አለቻት።»

«ነኝ አለቻት?»

«ምን ትበል? ነኝ አለቻት።»

«ሥራውን አጣችው?»

«አላጣችም። ማዳሟ ደግ ሴት ናት። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓዳውን ትቆልፋለች።»

  ስትወጣ «እርስዎ ለክፋት አይደለም፤ እሷም ታውቃለች» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለኡበይድ ንገሪው፤ ስሟን እንዳያነሣ፣ ለመልካምም ቢሆን። የለጠፈውን ይቅርታ ያውርደው፤ የእኔንም ያውርደው። የአፎቻው ሰዎችም እንደዚሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ቆመሽ አታንብቢላቸው። ኡበይድ ፊቴን ለማየት አይፍራ፤ እኔም የእሱን ማየት እፈራለሁ፣ አብረን እንለምደዋለን። ከአረፋ በፊት እመጣለሁ፤ ስልኩን ለመውሰድ አይደለም።

ሰባ ዓመት ያመንኩበትን ከመናገር ማንም ከልክሎኝ አያውቅም። አሁን ዝም ማለት ሥራ ሆኖብኛል፤ እንደ ጀማሪ ነው የምሠራው። ዛሬ ጠዋት አንዲት የሠፈር ሴት ሳሙና ልትገዛ ገባች። ሳሙናውን እያገላበጠች «የዚያች ልጅ ነገር፣ የስርጉት፣ እንዴት ሆነ ሐጂ?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሳሙናውን ጠቅልዬ ሰጠኋት።

አጎትሽ
ሙሐዲን